ወሰን የለሹ ከንቲባ

ድንኳኑ ውስጥ ያላችሁ፣ ድንኳኑ ጠብቧችሁ ባጃጅ ላይ የተቀመጣችሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ «ይህ ለቅሶ እኛን ይመለከት ይሆን?» እያላችሁ የምታመነቱ ሁሉ፣ እግዜር ያጽናችሁ፤ አላህ ያጽናችሁ። የክቡር ከንቲባችንን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ታዝዣለሁ። ስማቸውን አልጠራም። እንሴኖ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ በሹማምንት ዝርዝር ብትፈልጓቸውም አታገኟቸውም፤ በአንድ ሰው ቁመት የተሰፉ ሰው አልነበሩምና። ወሰን ባለበት ከተማ ሁሉ ይሾማሉ፤ ወሰን ባለበት ሁሉ ይሞታሉ። እንሴኖ ላይ የምናለቅስላቸው የመስቃንና የማረቆ ወሰን ከደጃችን ስለሆነ ብቻ ነው።

የተወለዱት እዚሁ ነው። በየትኛው ወረዳ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ እንደ ጠያቂው ነው። የ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ መስቃንና ማረቆ የአንድ ወረዳ ስም ነበር፤ መሀል ላይ ያለችው «ና» ሁለቱን አጋብታ ትኖር ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ «ና» ተፋትታ ሁለት ወረዳ ሆነው ተቈጠሩ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ራሷን ቈጥራ አታውቅም፤ አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም ጭምር ተላልፎ እስካሁን ቀጠሮ ላይ ነው። ክቡር ከንቲባችን ግን ሕዝባቸውን በቃላቸው ያውቁት ነበር። በጀት ሲጠየቅ እንበዛለን፤ ግብር ሲጠየቅ እናንሳለን፤ ስብሰባ ሲጠራ እኩል በእኩል እንሆናለን።

ከዚያ መዋቅር መጣ። በ1993 ዓ.ም ስልጤዎች በሕዝበ ውሳኔ የራሳቸውን ቤት ሠሩ። በነሐሴ 2015 የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚባል ክልል ተመሠረተ፤ ጉራጌም ሁለት ዞን ሆኖ ቡታጅራ የምሥራቁ ዋና ከተማ ሆነች፤ ማረቆ ልዩ ወረዳ ተባለ። በዚህ ሁሉ መሀል እንሴኖም ለምሥራቅ መስቃን ወረዳ መቀመጫነት በቃች። በርበሬ ዘሪው ገበሬ ከማሳው ንቅንቅ ሳይል አድራሻው ብቻ ስንት አገር ዞረ! ክቡር ከንቲባችን አብረው ዞሩ። ማኅተም በተለወጠ ቁጥር አሮጌውን መጣል አይወዱም ነበር፤ ታሪክ አክባሪ ሰው ነበሩና። የጠረጴዛቸው መሳቢያ ሦስት ነበር ይላሉ የሚያውቋቸው፤ እንግዳው ከየት እንደመጣ ካዩ በኋላ ነው የትኛው እንደሚከፈት የሚወስኑት።

ከንቲባነት አሮጌ ማዕረግ ነው፤ ከጎንደር ዘመን ጀምሮ ያለ። ከንቲባ ገብሩ ደስታ በጎንደር የተሾሙበት ማዕረግ ከስማቸው ጋር ተጣብቆ እስከ ዛሬ ያለ እሱ አንጠራቸውም። የእኛው ተገላቢጦሽ ናቸው፤ ስማቸው ጠፍቶ ወንበሩ ነው የተጣበቀባቸው። አስከሬኑ በሚታጠብበት ጊዜም አልላቀቅ ብሎ አስቸግሮ ነበር አሉ፤ እኔ አላየሁም።

ለእንሴኖ የነበራቸው ፍቅር ወሰን አልነበረውም። ጠዋት ከመንገዱ ወዲህ ቆመው ወዲያውን ይወዳሉ፤ ከሰዓት ከወዲያ ቆመው ወዲህን። ወዳጅ ዘመድ «አፈሩ ይቅለላቸው» ሲል እሰማለሁ። አትጨነቁ፤ በሕይወት ሳሉም መሬት ከብዷቸው አያውቅም። ደግሞ ካርታ ይወዱ ነበር። ቀን ካርታ ይሰጣሉ፣ ማታ ካርታ ይጫወታሉ፤ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው ካርታ ደግሞ ቀኑና ማታው የተገናኙበት ነበር። የመሠረት ድንጋይ በማስቀመጥም የሚስተካከላቸው የለም። ዛሬ በከተማችን ዳርቻ የምታዩት፣ ፍየል የሚቆምበት፣ በእብነ በረድ ላይ «በክቡር…» ተብሎ የተጻፈበት ድንጋይ ሁሉ የእሳቸው መታሰቢያ ነው። ሕንጻ ያረጃል፣ ይፈርሳል፤ ድንጋይ ግን ድንጋይ ነው። ይህን ከማንም ቀድመው የተረዱት እሳቸው ናቸው።

ትናንት ማታ ከለቀስተኞቹ አንዷ ከንፈሯን በነጠላዋ ጠርዝ ሸፍና እንዲህ አለች፦

ሲኖር መሬት ነበር ዘወትር ሐሳቡ፣
ዛሬስ ሞላለት ወይ፣ አረፈ ወይ ልቡ?

ሰዉ ሁሉ አለቀሰ። «ትሑት ነበሩ፤ ሰው መሬት መሆኑን አልረሱም» አለ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ባለሥልጣን። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ሴራ ማወቃቸውንም ሳልጠቅስ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ጎረቤቶቻችን ክስታኔዎች ጎርዳና ሴራ የሚባል የአባቶች ሕግ አላቸው፤ ሰባት ቤት ጉራጌዎችም በየጆካ ቂጫ ይዳኛሉ። በዚህ ምድር ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ስለ ሴራ ሲመክር ማየት ክብር እንጂ ነውር አይደለም። የሽማግሌ ሴራ በአደባባይ ይነገራል፤ የተጣላውም የታረቀውም ቆሞ ይሰማዋል። ክቡር ከንቲባችን ይህን ወግ ወደ ቢሮ ያስገቡ፣ በር ዘግተውም ያሳደጉ ሰው ናቸው። የእሳቸው ሴራ ረቂቅ ነበር። ረቂቁን ያየ የለም፤ የጸደቀውን ግን ሁላችንም ኖርንበት።

አንድ ጊዜ ለጉብኝት ወደ ሰባት ቤት ሄደው ጀፎረ አሳዩአቸው። በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ያ ሰፊ ሣር ሰርጉም ለቅሶውም የሚውልበት፣ ልጅ የሚሯሯጥበት፣ ከብት የሚያልፍበት ነው። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ጎረቤት ቡና ይነፍገዋል፤ ሽማግሌም ይጠራዋል። ሰነድ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ጂፒኤስ የለው፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ግን ስፋቱ አይጎድልም። ክቡር ከንቲባችን ይህን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይህ ሁሉ ክፍት መሬት!» አሉ። የባህል ፍቅራቸው እዚህ ድረስ ነበር።

ወደ ገበያው እንሂድ፤ እንሴኖን ያለ ገበያዋ የሚያወራ ሰው ስለ ሌላ ከተማ እያወራ ነው። የዚህ ምድር በርበሬ አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ ስሙ ታውቋል፤ ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አፈር ነው። ቀዩ ዛላ በጆንያ ተጭኖ ሲመጣ፣ ሴቶች ከጥላ ሥር ሆነው ሲለቅሙት፣ ደላላው አንዱን ዛላ ሰብሮ ፍሬውን ሲያሸት፣ ዋጋው በመስቃንኛ ይጠራል፣ በማረቆኛ ይወርዳል፣ በስልጢኛ ይማልበታል፣ በኦሮምኛ ይሳቅበታል፣ በአማርኛ ይቈረጣል። ሻጭ ገዢውን «የየትኛው ቀበሌ ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ?» ብሎ ነው። በዚህ ገበያ የሚታወቀው ድንበር በደረቁና በእርጥቡ በርበሬ መካከል ያለው ብቻ ነው። እሱንም የሚያጣላው እርጥቡን ከደረቁ ቀላቅሎ ሊመዝን የሚሞክር ነጋዴ ነው። ይህን ሙያ ከገበያ ወደ አስተዳደር ያሸጋገረው ማን እንደሆነ ዛሬ በለቅሶ ቤት ባልናገር ይሻላል።

ክቡር ከንቲባችን በገበያ ቀን በርበሬ ተራን ሳይጎበኙ አይውሉም ነበር። ተራው ጋ ሲደርሱ ያነጥሳሉ። ሕዝቡም ከአራቱም አቅጣጫ «ይማርዎ!» ይላል። በየገበያው ቀን እንዲህ እንደተመረቁ ኖሩ፤ ጸሎቱ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልደረሰም። ገበያው ወሰኑን እንደማያውቅ ሲረዱ ያሳውቁት ዘንድ በሁለቱ ዳር ገመድ ወጠሩ። ወዲህ አንድ ደረሰኝ፣ ወዲያ ሌላ ደረሰኝ ተቈረጠ። በርበሬው ራሱ ሁለት ጊዜ ሲቀረጥ ይበልጥ ያቃጥል እንደሆነ የሚያውቁት በልተውት ያለቀሱ ናቸው።

አዲስ አበባ ያሉት ጉራጌዎች በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ማቋቋማቸውን፣ ወደ አገራቸውም መንገድ ማስገባታቸውን አባቶቻችን ያወራሉ። ሱቅ ጠባቂው ከሽያጩ፣ ሊስትሮው ከጥርጊያው እየቀነሰ ያዋጣው መንገድ ነው። ክቡር ከንቲባችን ይህን ታሪክ በጣም ያደንቁ ነበር። የሕዝብ መዋጮ ሲባል ፊታቸው ይበራ ነበር፤ መንገድ ሲባል ደግሞ ሪባን ያምራቸዋል። ሁለቱን ማገናኘት ብቻ ነው ዕድሜ ያልበቃቸው።

እንደ ማንኛውም ዘመናዊ መሪ የልምድ ልውውጥ ይወዱ ነበር። ሞያሌን አንሥተው አይጠግቡም። ሞያሌ ከድንበሩ ማዶ ኬንያዊት ስሟን የምትጋራ እኅት አላት፤ ከድንበሩ ወዲህ ደግሞ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች በአንዲት ከተማ ሁለት አስተዳደር ተክለውባታል። «አንድ ከተማ፣ ሁለት ከንቲባ!» ይሉ ነበር ምራቃቸውን ዋጥ እያደረጉ። ሁለት ወንበር ታይቷቸው ነው ብለው የሚያሟቸው አሉ፤ እኔ ግን ለአንድ ወንበር ሁለት እግር ስለሚያስፈልገው ነው እላለሁ። ከዚያ ራቅ ብሎ በቤልጂግና በሆላንድ መሀል ያለች ባርለ የምትባል ከተማ ታሪክ ደግሞ ልባቸውን ሰርቆት ነበር። በዚያች ከተማ የሁለቱ አገር ወሰን በአንዳንድ ቤት ሳሎን ያቋርጣል፤ ቤቱ የየትኛው አገር እንደሆነ የሚታወቀው የፊት በሩ በየት በኩል እንደሆነ ታይቶ ነው። ቀረጥ የከበደው ሰው በሩን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል ይባላል። ክቡር ከንቲባችን ባርለን ለማየት አበሉ ቢቸግራቸውም ትምህርቱን ሳይሄዱ ቀሰሙት። በራቸው እንደ ነፋሱ ይዞር ጀመር። የደጅ ጠኚው ችግር ግን ዛሬ በየት በኩል እንደሚንኳኳ አለማወቁ ነበር።

አሁን ትንሽ ዝም እንበል። በመስከረም 2011 በመስቃንና በማረቆ መካከል በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ከዚያም በኋላ እሳቱ ደጋግሞ ተነሥቷል። አብረው በርበሬ የለቀሙ፣ ተጋብተው የተዋለዱ፣ በአንድ ዕድር የተቀባበሩ ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ የምቀልድበት አንደበት የለኝም። ክቡር ከንቲባችንም አልቀለዱም፤ ባነር አሠሩ። «አንድነታችን ለሰላማችን» የሚል ነበር፤ ጨርቁ ሰፊ ስለነበር በሁለቱም ወገን እንዲነበብ ተደርጎ ነው የተሰቀለው። የሰላም ኮንፈረንስ ተጠራ፤ አዳራሽ ተመረጠ፤ ቆርቆሮ የተቃጠለበት አባወራ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ የውሎ አበል ከፊት ወንበር ጀምሮ ታደለ። «ወንድማማች ሕዝብ» ተባለ፤ ተጨበጨበ። አባወራው ተነሥቶ «ወንድማማች መሆናችንንማ እኛም እናውቀው ነበር፤ የማናውቀው ማን እንዳጣላን ነው» ሲል የሻይ ሰዓት ደረሰ።

ሕግ አዋቂም ነበሩ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 48 በቃላቸው ይዘውታል። ክልሎች በወሰን ሳይስማሙ ሲቀሩ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት አይቶ ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ይወስናል ይላል። ክልል ላልሆነው፣ ጎረቤት ቀበሌ ለተቀማው ገበሬ ስንት ዓመት ይፈጅበታል ብለው ሲጠይቋቸው፣ «አንቀጹ ስለ ክልል ነው» ብለው ፈገግ ይላሉ። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1101 የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን ተቋቁሞ 41 አባላት ሲሾሙለት ከማንም በላይ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ። «ሊፈቱት ይሆን እንዴ?» አሉ አሉ። ወሰን ያልተወሰነበት ከንቲባ እንደ ወንዝ ዳር ባለ እርሻ ነው፤ ወንዙ ቦታ በቀየረ ቁጥር ደለሉ የእሱ ነው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጡ። ከዚያ ቀስ በቀስ ተረጋጉ፤ ኮሚሽን ነው መባሉን አስታውሰው።

ሞት መጣ። ሞት ያለ ቀጠሮ ነው የገባው፤ ጸሐፊዋ ብታስቀምጠው ኖሮ ዛሬ እኛም እዚህ ባልነበርን። ነገሩ የተጀመረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። መቃብራቸው በየት በኩል ይሁን? ወዲህ ያሉት «የእኛ ሰው ነበሩ» አሉና ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ለወዲያኞቹ ግን በጣም ይቀርቡ ነበር» አሉ። ወዲያ ያሉትም «ማክበርማ እናከብራቸዋለን» ብለው «ግን ወዲህኞቹን ቅር እንዳናሰኝ» ሲሉ ጨመሩ። በዕድሜያቸው ሙሉ ሁለቱ ወገን የተስማማበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር ማለት ይቻላል። አስከሬኑ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

መንገደኛ መሸኛ ያስፈልገዋል። ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ለሚዛወር ሰው መሸኛ አውጣ የሚሉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ ስንት መምህር፣ ስንት ነርስ፣ ስንት የተፈናቀለ እናት በመሸኛ ጉዳይ ደጃቸውን ጠንቷል። አሁን ለእሳቸው ማን ይፈርም? ማኅተሞቹ በሦስቱም መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ ቁልፉ በኪሳቸው ነው፤ ኪሳቸው ከመገነዣው በታች ነው። ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄደን የሞት ምዝገባ ጠየቅን። በአገራችን ልደትና ሞት በወጉ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። መዝጋቢዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ «ሟች የሞቱበት ቦታ?» አለች። «ቢሮ» አልናት። «ቢሮው የትኛው ወረዳ?» አለች። ዝም አልን። «ወሰኑ እስኪወሰን ድረስ በሕይወት ይቆዩ» ብላ ፎርሙን መለሰችልን።

ይህ የሚገርመው እዚህ አገር መሆኑ ነው። የቡታጅራው የጤና ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በዚያን ጊዜው መስቃንና ማረቆ ወረዳ በዐሥር ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ የተወለደውንም የሞተውንም ሲመዘግብ ኖሯል። የአዲስ አበባና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲዎች አብረው የሠሩት ነው፤ በዓለም ላይ ስንት የጥናት ጽሑፍ ወጥቶበታል። መዝጋቢዎቹ ወረቀት ይዘው ሲገቡ ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደገደለው ይጠይቃሉ እንጂ ማኅተም አይጠይቁም። የዚያን ጊዜ ሞት እንዴት ቀላል ነበር!

በመጨረሻ የቀበሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሁለቱም ወገን። ደብዳቤ አልጻፉም፣ ኮሚቴ አልሰየሙም። በርበሬ ተራ የሚሠሩ ወጣቶች ዶማ ይዘው መጡ፤ ማን በየት በኩል እንደቆፈረ አላስተዋልሁም። በመሀሉ ያችው አልቃሽ እንደገና ተነሣች፦

ወሰን የለሽ ነበር ላገሩ ሲራራ፣
ማን ይተካው ይሆን በዚህ ሁሉ ሴራ?

ባለሥልጣናቱ «ማን ይተካው!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ከእነርሱ ኋላ የቆሙት አራት ወይ አምስት ሰዎች ግን አልመቱም፤ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ነበር።

የመታሰቢያ ኮሚቴው ሦስት ነገር እንደወሰነ እንዳነብላችሁ ተነግሮኛል። አደባባይ በስማቸው ይሰየማል፤ አደባባዩ ገና ስላልተሠራ የመሠረት ድንጋዩ ይቀመጣል። የሕይወት ታሪካቸው በመጽሐፍ ይታተማል፤ የሽፋኑ ካርታ ግን እያከራከረ ስለሆነ መጽሐፉ ያለ ሽፋን ይወጣል። ሦስተኛው ማስታወቂያ ነው።

በክቡር ከንቲባችን ዕረፍት ምክንያት የተጓደለው የሥራ መደብ ክፍት ሆኗል። አመልካቾች የሁለቱንም ወገን ቋንቋ የሚችሉ፣ በሁለቱም ዝም ማለት የሚችሉ፣ ካርታ የሚያነቡና የሚያስነብቡ፣ ባነር ሲሰቀል ከየትኛው ጎን መቆም እንዳለባቸው የሚያውቁ፣ ከሚኖሩበት ቀበሌ መሸኛ ማቅረብ የሚችሉ መሆን አለባቸው። ጉርድ ፎቶግራፍ ሁለት፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የዞረ። መመዝገቢያው ቦታ ወሰኑ እንደተወሰነ በሁለቱም በኩል ይለጠፋል።